ትልልቅ የሐይቅ ሉሎች፦ አመራረጥ፣ ግዢና አሰባሰብ

ትልቅ ሉል (በዛጎል ውስጥ የሚያድገው ጌጥ) ሲቀርብልን መጀመሪያ የሚመጣልን ጥያቄ «ስንት ሚሊ ሜትር ነው?» የሚለው ነው። በሐይቅ ሉል ላይ ግን ይህ ሁለተኛ ጥያቄ መሆን አለበት። የመጀመሪያው «ውስጡ ምን አለ?» ነው። እኩል 13 ሚሊ ሜትር የሆኑ ሦስት ሉሎች ጎን ለጎን ተደርድረው አንደኛው እስከ እምብርቱ ድረስ የሉል ንብርብር ይሆናል፤ ሁለተኛው የሉል ልባስ የለበሰ የዛጎል ድቡልቡል፣ ሦስተኛው ደግሞ ውስጡ ባዶ የሆነ ቅርፊት ይሆናል። ከሩቅ አይለዩም። ዋጋቸው፣ ጥንካሬያቸውና ሲበሱ የሚገጥማቸው ግን ፈጽሞ የተለያየ ነው።

ውስጡ ምን አለ?

ዛሬ በገበያ ላይ ያለው የሐይቅ ሉል እጅግ አብዛኛው በቻይና ኩሬዎችና ሐይቆች ውስጥ የሚረባ ነው፤ የንግዱ ማዕከልም በዠጂያንግ ግዛት የምትገኘው ዡጂ ናት። ሉሉን የሚሠራው ሙሰል የሚባል ባለሁለት ክዳን ዛጎል ሲሆን፣ ዋናው ዝርያ ሃይሪዮፕሲስ ኩሚንጊ ወይም ከእሱ የተዳቀለ ነው።

የተለመደው አሠራር እንዲህ ነው። ከአንድ ሙሰል ዛጎሉን የሚሠራው ስስ ሥጋ ተቆርጦ፣ ጥቂት ሚሊ ሜትር ስፋት ባላቸው ቁርጥራጮች ይከፋፈላል። ቁርጥራጮቹ በሌላው ሙሰል ሥጋ ውስጥ፣ በግራና በቀኝ ወገኑ፣ በየወገኑ ከደርዘን በላይ ሆነው ይቀበራሉ። እያንዳንዱ ቁራጭ ከረጢት ይሆንና ወደ ውስጥ የሉል ንጥረ ነገር ያመነጫል። ድቡልቡል ስላልገባበት ሉሉ ከሞላ ጎደል ሁሉም ልባስ ነው። ችግሩ ቅርጹ ላይ ነው፤ ሲጀመር ጠፍጣፋ ሥጋ እንጂ ክብ ነገር የለም፣ ብዙ ሉሎችም በአንድ ቦታ ተጨናንቀው ያድጋሉ። ጊዜው በረዘመ ቁጥር ሉሉ ይተልቃል፣ ከክብነትም ይርቃል። ስለዚህ ድቡልቡል ያልገባበት፣ ከ11 ሚሊ ሜትር በላይ የሆነና በትክክል ክብ የሆነ ሉል ብርቅ ነው። አንድ ሻጭ ይህን ዓይነት በርካሽ ካቀረበልዎ ወይ ውስጡ ድቡልቡል አለ፣ ወይ ሻጩ ራሱ ምን እንደሚሸጥ አያውቅም።

ሁለተኛው አሠራር ከዛጎል የተጠረበ ድቡልቡል ከሥጋው ቁራጭ ጋር አብሮ ማስገባት ነው። ልባሱ የሚያድገው ከመጀመሪያውኑ ክብ በሆነ ነገር ላይ ስለሆነ ትልቅም ክብም ሉል ይገኛል። ከ2010 (እ.ኤ.አ.) ገደማ ወዲህ «ኤዲሰን» በሚል ስም የታወቁት እነዚህ ናቸው። ስሙ የአንድ አምራች የንግድ ስም ሆኖ ተነሣ፤ አሁን ግን ነጋዴው ድቡልቡል ያለበትን ትልቅ ክብ የሐይቅ ሉል ሁሉ በዚሁ ይጠራዋል። ድቡልቡል መኖሩ ነውር አይደለም፤ የባሕር ሉልም አብዛኛው እንዲሁ ነው። ነውሩ መደበቁ ነው።

ከዚህ ቤተሰብ ሌሎች ዘመዶችም አሉ። ጠፍጣፋ ክብ ነገር ገብቶበት የወጣው «የሳንቲም ሉል» ነው። ክብ ራስና ረዘም ያለ ጅራት ያለው «ፋየርቦል» ይባላል፤ ጅራቱ ውስጥ ክፍተት ወይም የደረቀ ሥጋ ይኖራል። ገጹ እንደ ውሃ ሞገድ የተሸበሸበው ደግሞ «ሪፕል» ነው፤ የዚህ መልክ ደጋፊዎች ለስላሳውን ዘወር ብለው አያዩትም። በጃፓን የካሱሚጋውራ ሐይቅ ደግሞ በጥቂቱ የሚመረት፣ ወደ ሮዝ የሚያደላ ትልቅ ሉል አለ፤ በስሙ ብቻ ዋጋ ስለሚጨምር ምንጩን የሚያረጋግጥ ወረቀት ሳይኖር ለስሙ አይክፈሉ።

በጣም ጥንቃቄ የሚያስፈልገው «ሱፍሌ» የሚባለው ነው። ከድቡልቡል ይልቅ ውሃ ሲነካው የሚያብጥ ነገር ይገባበታል፣ ሉሉ ይነፋል፣ ሲበሳ ውስጡ ያለው ጭቃ መሰል ነገር ይወጣል። ከ20 ሚሊ ሜትር በላይ ሆኖ እጅ ላይ ሲያዝ ቀላል የሆነ ባሮክ (ቅርጹ ያልተስተካከለ ሉል) ካገኙ መጀመሪያ ይህን ይጠርጥሩ። ለጆሮ ጌጥ ቀላልነቱ በረከት ነው። ለቀለበት ግን ቅርፊቱ ስስ ስለሆነ አንድ ጊዜ ጠረጴዛ ጫፍ ሲመታ ሊሰነጠቅ ይችላል።

ሚዛኑ ይናገር

ከሁሉም የሚጠቅም ርካሽ መሣሪያ 0.01 ግራም የሚለይ የኪስ ሚዛን ነው። ከሱ ጋር ዲጂታል ካሊፐር (በመንጋጋው ይዞ ስፋት የሚለካ መሣሪያ) እና 10 ጊዜ የሚያጎላ መነጽር ይያዙ።

ለክብ ሉል ስሌቱ ቀላል ነው። የስፋቱን ሚሊ ሜትር ቁጥር ሦስት ጊዜ ጽፈው እርስ በርስ ያባዙ (ለምሳሌ 10 × 10 × 10)፣ ውጤቱን በ0.0014 ያባዙ፣ የሚጠበቀውን ግራም ያገኛሉ። በዚህ መሠረት 10 ሚሊ ሜትር 1.4 ግራም ገደማ፣ 12 ሚሊ ሜትር 2.4 ግራም፣ 14 ሚሊ ሜትር 3.8 ግራም፣ 16 ሚሊ ሜትር 5.7 ግራም ይመዝናሉ። የተበሳው ትንሽ ይቀንሳል፤ ጥቂት በመቶ ልዩነትም አያስደነግጥም። ሩብ ያህል ከቀነሰ ግን ውስጡ ክፍተት አለ፣ ወይም ፕላስቲክ ነው። ይህ ፈተና መስታወትን አያጋልጥም፤ የመስታወት ክብደት ከሉል ጋር ይቀራረባልና።

ቅርጹ ያልተስተካከለ ከሆነ በውሃ ይለኩ። ሚዛኑ ላይ ውሃ ያለበት ብርጭቆ ያስቀምጡና ዜሮ ያድርጉት። ሉሉን በቀጭን ክር አንጠልጥለው፣ ግርጌውንም ጎኑንም ሳይነካ፣ ሙሉ በሙሉ ውሃው ውስጥ ይንከሩት። ሚዛኑ የሚያሳየው ግራም የሉሉ ይዘት በኪዩቢክ ሴንቲ ሜትር ነው። የደረቀውን ክብደት በዚህ ቁጥር ያካፍሉ። ድፍን ሉል 2.6 እስከ 2.8 ይሰጣል። ሉሉ ግርጌውን ከነካ ቁጥሩ ይበላሻል፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። በሐር ክር የተሰካውን ሉል አይንከሩ፤ ክሩ ውሃ ይዞ ይቆይና ይበሰብሳል።

ፋየርቦልና ትልቅ ባሮክን ደግሞ ጆሮዎ አጠገብ ቀስ አድርገው ይነቅንቁ። ቅጭል ካለ ውስጡ የለቀቀ ነገር አለ። ለእይታ የሚቀመጥ ከሆነ አይጎዳም፤ ሊበሱት ካሰቡ ግን ይተዉት።

ብርሃኑን ሳያስተካክሉ ፍርድ አይስጡ

ቢጫ አምፖል ሮዝና ብርቱካናማ ሉልን ያሞግሳል፤ የሱቅ ነጥብ መብራት ደግሞ ደብዛዛውን ሁሉ ያበራል። ፀሐይ በቀጥታ የማትገባበት መስኮት አጠገብ፣ ወይም ከ5000 እስከ 6500 ኬልቪን የሚሰጥ ነጭ መብራት ሥር፣ ግራጫ ወይም ነጭ ጨርቅ ላይ ይመልከቱ። ጥቁር የከፋይ ጨርቅ የሻጭ ወዳጅ ነው።

ጸዳሉን ለመመዘን የሉሉን ቀለም አይዩ፤ በላዩ የሚንጸባረቀውን የመብራቱን ወይም የመስኮቱን ጠርዝ ይዩ። ጠርዙ እንደ መስታወት ጥርት ብሎ ከታየ ጸዳሉ ከፍተኛ ነው። ጠርዙ ቢደበዝዝም ቅርጹ ከተለየ መካከለኛ ነው። ነጭ ጭጋግ ብቻ ከታየ በማንኛውም መጠን ቢሆን ይለፉት። ሉሉን እያንከባለሉ ይመልከቱ፤ በትልልቆች ላይ አንዱ ጎን አንጸባርቆ ሌላው ኖራ የመሰለ መሆኑ የተለመደ ነው። እዚህ ላይ አቋማችን ግልጽ ነው፤ 11 ሚሊ ሜትር ሆኖ ጥርት ያለው ከ14 ሚሊ ሜትር ደብዛዛ ይሻላል። ልዩነቱ አንገት ላይ ሲውል በሁለት ሜትር ርቀት ይታያል፤ የሦስት ሚሊ ሜትር ልዩነት ግን ያን ያህል አይታይም።

ለክብነት በሦስት አቅጣጫ ይለኩ። በ12 ሚሊ ሜትር ሉል ላይ በትልቁና በትንሹ ልኬት መካከል ያለው ልዩነት 0.2 ሚሊ ሜትር ገደማ ከሆነ ዓይን ክብ ነው ይለዋል። ከ0.5 ካለፈ ሞላላ ወይም አዝራር መሰል ነው፤ ዋጋውም እንደዚያው መሆን አለበት። የካሊፐሩን መንጋጋ በቀስታ ይግፉት፤ የሉል ጥንካሬ በሞስ መለኪያ ከ2.5 እስከ 4.5 ስለሆነ ብረት ይጭረዋል።

ድቡልቡል ባለባቸው ሉሎች ገጽ ላይ ጥቃቅን ጉድጓዶች፣ ቀለበቶችና ብጉር መሰል እብጠቶች ይበዛሉ። እንከን የለሽ ከፈለጉ ዋጋው ወደ ላይ ይዘላል። ብልህ ገዥ እንከኑ የት እንደሆነ ያያል። በአንድ ጫፍ ላይ የተሰበሰበ ጉድጓድ ያልተበሳ ሉል ላይ ከሆነ፣ ቀዳዳው በዚያው በኩል ሲወጣ ይጠፋል፤ ለቀለበት ወይም ለጆሮ ጌጥ ደግሞ ብረቱ ይሸፍነዋል። ስንጥቅ ግን ሌላ ነገር ነው። ትንሽ የእጅ ባትሪ ከሉሉ ጀርባ አድርገው በጨለማ ያዙሩት፤ ጥቁር መስመር ከታየ ስንጥቅ ነው፣ ልብስ ሲነካውም ይሰፋል። ትይዩ የሆኑ ቀጫጭን ጥላዎች ከታዩ ደግሞ የዛጎሉ ድቡልቡል በስስ ልባስ በኩል እየታየ ነው ማለት ነው።

ቀለም

የሐይቅ ሉል በተፈጥሮው ነጭ፣ ብርቱካናማ (የኮክ ፍሬ የሚመስል)፣ ሮዝና ወይን ጠጅ ነው፤ በመካከላቸውም ነሐስ የሚመስሉ ድብልቆች አሉ። ጥቁር፣ ደማቅ አረንጓዴና ሰማያዊ የሐይቅ ሉል በተፈጥሮ የለም። እነዚህን ካዩ ወይ ቀለም ተነክሯል፣ ወይ በጋማ ጨረር ተመቷል። ጨረሩ የሚሠራው የሐይቅ ሉል ማንጋኒዝ ስላለበት ነው፤ ማንጋኒዙ ሲለወጥ ሉሉ ወደ ግራጫና ጥቁር ይጨልማል። ደማቅ የወርቅ ቢጫም አብዛኛውን ጊዜ የተነከረ ነው።

ነጩም ቢሆን ንጹሕ ነጭ ሆኖ የሚወጣው ብዙ ጊዜ በሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ነጥቶ ነው። ይህ በንግዱ የተለመደ ስለሆነ ብቻውን ምክንያት አድርገው አይመልሱት፤ ከመጠን በላይ የነጣ ግን ገጹ ይሰባበራል፣ ኖራም ይመስላል።

ቀለም መነከሩን ለማወቅ በመነጽር ቀዳዳውን ይዩ። ቀለሙ በቀዳዳው ጠርዝ፣ በጉድጓዶችና በስንጥቆች ውስጥ ተጠራቅሞ ከታየ፣ ወይም ክሩን አቅልሞት ከሆነ የተነከረ ነው። አንድ ሙሉ ክር ሉል ወይን ጠጅ ሆኖ ሁሉም ፍጹም አንድ ዓይነት ከሆነም ይጠርጥሩ፤ የተፈጥሮ ቀለም ከሉል ወደ ሉል ይንቀሳቀሳል። ቀዳዳው አጠገብ እንደ ፕላስቲክ የሚላጥ ነገር ካለ ደግሞ ጸዳሉ በሽፋን የመጣ ነው፤ ሽፋኑ ሲያልቅ ጸዳሉም ያልቃል። በአሴቶን መፈተን ግን የሌላ ሰው ዕቃ ማበላሸት ነውና አያድርጉት።

ሁለት ሉሎችን በቀስታ ማፋተግ እውነተኛውን ከሰው ሠራሽ ይለያል፤ እውነተኛው ሸካራ ስሜት ይሰጣል፣ ጥቂት ዱቄትም ይተዋል፣ ዱቄቱ ሲጠረግ ጭረት አይታይም። ፈተናው ግን የተነከረውን ከተፈጥሮው አይለይም። ብዙ ሰው «ሲፋተግ ሸካራ ነው» ብሎ ጥቁር ሉል በተፈጥሮ ዋጋ ይገዛል።

ትልቅ ነጭ ኤዲሰን የሳውዝ ሲ የባሕር ሉል ተብሎ ሊሸጥ ይችላል። በዓይን በእርግጠኝነት መለየት አይቻልም። በቤተ ሙከራ ግን በኤክስሬይ ሲመታ የሐይቁ በማንጋኒዙ ምክንያት ያበራል፣ የባሕሩ ልባስ አያበራም። የዋጋው ልዩነት ትልቅ ከሆነ እንደ ጂአይኤ ያለ የታወቀ ቤተ ሙከራ ሪፖርት ይጠይቁ።

ክር ሲገዙ

«12–15 ሚሊ ሜትር» ተብሎ የሚቀርብ ክር መሐሉ ላይ አንድ ወይም ሦስት 15 ሚሊ ሜትር ሉል ይዞ የቀረው 12 እና 13 ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ስንቱ 15፣ ስንቱ 14 እንደሆነ ያስቆጥሩ። 40 ሴንቲ ሜትር የሆነ የ12 ሚሊ ሜትር ክር 33 ገደማ ሉል ይይዛል፣ 80 ግራም ገደማም ይመዝናል። የ14 ሚሊ ሜትሩ ክር 28 ሉል ሆኖ 110 ግራም ገደማ ይደርሳል። ይህ በአንገት ላይ ይሰማል፤ ተራ ክርና ደካማ ቁልፍም አይችለውም። የ14 ሚሊ ሜትር ጥንድ ለጆሮ ጌጥ ሲታሰብ ብረቱ ሳይቆጠር 8 ግራም ገደማ ነው።

ክሩን ጠረጴዛ ላይ ዘርግተው ያንከባልሉት። መሐሉ የሚወዛወዝ ሉል ካለ ቀዳዳው ከመሐል ወጥቷል። ከዚያ ክሩን አዙረው ጀርባውን ይመልከቱ፤ ሻጭ መልካሙን ጎን ወደ ፊት ያሰልፋል። በየቀዳዳው ጠርዝ የተሸረፈ ልባስ ካለ ስንጥቁ ከዚያ ይጀምራል።

«ሦስት ኤ»፣ «አራት ኤ» የሚሉ ደረጃዎች የጋራ መለኪያ የላቸውም፤ የአንዱ ሻጭ ሦስት ኤ የሌላው አንድ ኤ ነው። ደረጃውን ትተው ስለ መጠኑ፣ ቅርጹ፣ ቀለሙ፣ ጸዳሉ፣ ገጹ፣ የልባሱ ጥራትና መመሳሰሉ ለየብቻ ይጠይቁ።

በኢንተርኔት የሚገዙ ከሆነ ሻጩን በጽሑፍ እነዚህን ይጠይቁ፦ ድቡልቡል አለው? ቀለሙ የተፈጥሮ ነው? ከማንጣት ሌላ ምን ተደርጎበታል? ተበስቷል? ቀዳዳው ስንት ሚሊ ሜትር ነው? ደግሞም በቀን ብርሃን በእጅ ላይ እየተሽከረከረ የሚያሳይ ቪዲዮና ካሊፐር ላይ ያለውን ቁጥር ይጠይቁ። እጅ አብሮ ከታየ ፎቶው የተቀባ መሆኑ ከቆዳው ቀለም ይታወቃል። ያለ መመለሻ መብት ትልቅ ሉል በፎቶ አይገዛም።

ማሰባሰብ

ሁሉንም ትንሽ ትንሽ የሚይዝ ስብስብ ዕቃ ቤት ይሆናል። አንድ አቅጣጫ ይምረጡ፤ ለምሳሌ የወይን ጠጅ ደረጃዎችን በአንድ መጠን፣ ወይም ሪፕልን ብቻ። ከተቻለ ያልተበሳ ይግዙ፤ የተበሳ ሉል ዕጣው ተወስኗል።

ክር ለመሥራት አንድ በአንድ ማሰባሰብ የሚያምር ሐሳብ ቢሆንም አስቸጋሪ ነው። ከተለያየ ምርት የመጡ ሉሎች ለየብቻ ሲታዩ አንድ ቀለም ይመስላሉ፤ ጎን ለጎን ሲሆኑ አንዱ አረንጓዴ ያደላል፣ አንዱ ሮዝ። መፍትሔው ከአንድ ሻጭ፣ ከአንድ ምርት በአንድ ጊዜ መግዛትና ከሚያስፈልገው ቢያንስ አሥር በመቶ ማስበለጥ ነው። ካልሆነ ከስብስብዎ መሐል አንዱን «ናሙና ሉል» አድርገው ይለዩና ለግዢ ሲወጡ ይዘውት ይሂዱ፤ ቀለምን በትዝታ ማዛመድ አይቻልም። ለእያንዳንዱ ሉል ሦስቱን ልኬቶች፣ ክብደቱን፣ የተገዛበትን ቀን፣ ሻጩ ሉሉ ስለ መንጣቱ ወይም ስለ መነከሩ የጻፈውን ቃልና ሁልጊዜ በአንድ መብራት የተነሣ ፎቶ ይመዝግቡ።

ከወንዝ ራስዎ ለመሰብሰብ ካሰቡ ይተዉት። የወንዝ ሙሰሎች በዓለም ላይ በጣም ከተጎዱት እንስሳት መካከል ናቸው። በስኮትላንድ ከ1998 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ማጥመድ ተከልክሏል፤ በአሜሪካም ብዙ ዝርያዎች በሕግ ይጠበቃሉ። በሺዎች የሚቆጠሩ ተከፍተው አንድም ጥሩ ሉል ላይገኝ ይችላል። በተፈጥሮ የተገኘ ሉል የሚፈልግ ሰው ከአሮጌ ጌጣጌጥ፣ ከኤክስሬይ ሪፖርት ጋር ይግዛ።

መብሳትና መሰካት

ትልቅ ሉል ከሁለቱም ጎን ተጀምሮ መሐል ላይ እንዲገናኝ ይበሳል። በአንድ ወገን ብቻ ከተበሳ መውጫው ላይ ልባሱ ይፈነገላል። መሰርሰሪያው ስለታም ይሁን፣ በውሃ ይቀዝቅዝ፣ ብዙ ጊዜም ወጣ ገባ እያለ ዱቄቱን ያውጣ፤ ሙቀት ልባሱን ያቃጥላል፣ ድቡልቡሉንም ይሰነጥቃል። ለቀለበትና ለጆሮ ጌጥ ግማሽ ድረስ የሚበሳው ቀዳዳ ከሉሉ ስፋት ግማሽ ይለፍ፤ ለከባድ ሉል አጭር እግር በማጣበቂያ ብቻ አይያዝም። መጥፎ ሽታ ከመጣ ውስጡ የበሰበሰ ሥጋ አለና ሥራውን አቁመው ያጽዱ፣ ካልደረቀም አይሙሉት።

በክር ሲሰካ በየሉሉ መካከል ቋጠሮ ይኑር። ቋጠሮው ሉሎቹ እርስ በርስ እንዳይፋጩ ያደርጋል፣ ክሩ ቢበጠስም የሚወድቀው አንድ ብቻ ነው። ከተጠቀሙ በኋላ በትንሹ በረጠበ ለስላሳ ጨርቅ ይጥረጉ፤ ሽቶና የፀጉር ርጭት ከሉሉ በፊት እንጂ ከሱ በኋላ አይሁን። ሲያስቀምጡ አያንጠልጥሉት፤ 80 ግራም ክሩን ይስባል። በለስላሳ ከረጢት ጋድም አድርገው፣ ከሌላ ጌጥ ለይተው ያኑሩት። ቋጠሮና ሉል መካከል የክር ክፍተት መታየት ከጀመረ ክሩ ተስቧልና ሳይበጠስ ያስቀይሩት።